ቦክቶክ ወይስ ቮስቶክ?

አንዲት የሠራዊታችን አባል ባለቤት ለዚህ የቤተሰብ ዓምድ በላኩት ደብዳቤ፣ ባለቤታቸው የሃምሳ አለቃ ለልጆች ደብተርና የደንብ ልብስ ከተቀመጠው ገንዘብ ላይ አንሥተው አሮጌ የእጅ ሰዓት መግዛታቸውን ገልጸው፣ «ሻጩ በራሱ ይሞላል ቢልም በሁለተኛው ቀን ይቆማል፤ መሙያው እንደ ልጅ ጥርስ ይነቃነቃል፤ ጠርዙ ላይ ቢጫ ብረት ብቅ ብሏል፤ ሰዓት ሠሪው ደግሞ ዘንጉን ለመለወጥ ሌላ ገንዘብ ጠይቋል፤ ተታለናል ወይ?» ሲሉ ጠይቀዋል። ጥያቄው የአንድ ቤት ብቻ ባለመሆኑ መልሱን እዚሁ ማስፈሩን መርጠናል።

በቅድሚያ ስሙን እናጥራ። እኅታችን በሰዓቱ ገጽ ላይ ያለውን ጽሑፍ «ቦክቶክ» ብለው አንብበውታል። ፊደሉ ግን የላቲን ሳይሆን የሩስያ ነው። በሩስያ ፊደል «ቢ» የሚመስለው «ቨ»፣ «ሲ» የሚመስለውም «ሰ» ሆኖ ስለሚነበብ ስሙ «ቮስቶክ» ነው፤ ትርጓሜውም «ምሥራቅ» ማለት ነው። ፋብሪካው የሚገኘው በካማ ወንዝ ዳር በተቆረቆረችው በቺስቶፖል ከተማ ሲሆን፣ መነሻው በ1941 (ዘመኑ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የጀርመን ጦር ሞስኮን በተቃረበ ጊዜ ከዚያ ወደ ኋላ የተጓጓዘ የሰዓት ፋብሪካ መሣሪያ ነው። በገጹ ላይ ታንክ የተሣለበት ይህ ዓይነት «ኮማንዲርስኪዬ»፣ ማለትም «የአዛዦች» ይባላል። በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ በሶቪየት ኅብረት ከሠለጠኑት ብዙ ኢትዮጵያውያን መኮንኖች መካከል ይህን መሰል ሰዓት አስረው የተመለሱ ስለነበሩ፣ በጡረተኞች እጅ ላይ ቢታይ አያስገርምም።

የሰዓት እውነተኛ መታወቂያው ግን ገጹ ሳይሆን በውስጡ ያለው ማሽን ነው። ገጽ ይቀየራል፣ ይቀባል፤ በማሽኑ ብረት ላይ የተመታው ቁጥር ግን ይናገራል። ሶቪየቶች ለማሽኖቻቸው አራት አኃዝ ያለው ቁጥር ይሰጡ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች የማሽኑን ስፋት በሚሊሜትር፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ደግሞ ሥራውን ያመለክታሉ። ሰዓት ሠሪው ክዳኑን ከፍቶ ያነበበላቸው ቁጥር 2414 ነው። እንግዲህ ስፋቱ 24 ሚሊሜትር፣ 14 ደግሞ የሰኮንድ ቆጣሪው በመካከል የሆነና ቀን የሚያሳይ፣ በእጅ የሚሞላ ማለት ነው። 2409 ቢሆን ኖሮ ቀን አያሳይም፤ 2416 ቢሆን በእጅ እንቅስቃሴ ራሱን ይሞላ ነበር። ሻጩ ያወራው ስለ 2416 ነው፤ የሸጠው 2414ን ነው።

የመቆሙ ምክንያት ከዚሁ ይገኛል። ይህ ማሽን ሞላው ሙሉ በሙሉ ከተጠመዘዘ 38 ሰዓት ያህል ይሠራል። የሃምሳ አለቃው በራሱ ይሞላል ብለው ስላልሞሉት በሁለተኛው ቀን መቆሙ ደንቡ እንጂ ሕመሙ አይደለም። በየማለዳው አንድ ጊዜ ይሙሉት።

የመሙያው መነቃነቅ ብዙ ሰው ያስደነግጣል፤ ሰዓት ሠሪውንም፣ ካላወቀው፣ ያሳስታል፤ ካወቀው ደግሞ የጠየቀው ገንዘብ ሌላ ስም አለው። ቮስቶክ መሙያው በብሎን መልክ የሚዘጋ ነው። ሲፈታ እንዲላቀቅ፣ ሲዘጋም ከማሽኑ ተለይቶ ሞላውን እንዳይጠመዝዝ ታስቦ የተሠራ በመሆኑ መወዛወዙ ተፈጥሮው ነው። ሲሞሉት በቀስታ ወደ ውጭ ሳብ እያደረጉ ያዙሩ፤ ሲጨርሱ ገፍተው ይዝጉት። ዘንጉ አይለወጥ! ቢጫው ብረትም ናስ ነው፤ የኮማንዲርስኪዬ አካል በክሮም የተለበጠ ናስ በመሆኑ ክሮሙ ሲያልቅ መታየቱ አይቀርም። መስታወቱም መስታወት ሳይሆን ፕላስቲክ ስለሆነ ጭረቱን በጥርስ ሳሙናና በለስላሳ ጨርቅ ማሸት ይበቃል።

አንድ ነገር ግን ያጠራጥራል። በደብዳቤው እንደተገለጸው የገጹ ነጠብጣቦች በጨለማ ሲያበሩ ቆጣሪዎቹ አያበሩም። ቆጣሪዎቹ ከሌላ ሰዓት የመጡ ሳይሆኑ አይቀሩም። በገጹ ግርጌ «በሶቪየት ኅብረት የተሠራ» የሚል የሩስያ ጽሑፍ መኖሩ ከ1991 በፊት ለመሠራቱ ጥሩ ምልክት ቢሆንም፣ ገጽም እንደ ቆጣሪ ሊተከል ስለሚችል ብቻውን አያስምልም። አሮጌ ሰዓት የሚሰበስብ ሰው በዚህ ምክንያት ዋጋ ይቀንስበታል፤ ተረኛ ዘብ ለሚቀያይር የሃምሳ አለቃ ግን ደቂቃው ያው ደቂቃ ነው።

የቀኑን ነገር ሳንናገር አንለፍ። 2414 ቀኑን በፍጥነት የሚቀይርበት መንገድ የለውም፤ ቆጣሪዎቹን ከ12 አሳልፎ፣ ቁጥሩ ሲዘል ወደ 8 መልሶ፣ እንደገና ወደ 12 መግፋት ያስፈልጋል። በእኛ ሰዓት አቆጣጠር የሞላው ሰው ቁጥሩ በ12 ሲዘል ማለዳ ይሁን ምሽት መለየት ይገባዋል፤ ምሽት ላይ ከዘለለ ቆጣሪዎቹን አንድ ሙሉ ዙር ወደ ፊት ያዙር። ወራችን 30 ቀን፣ የሰዓቱ ቁጥር ግን እስከ 31 በመሆኑ በየወሩ አንድ ቀን ማሳለፍ ግድ ነው። ጳጉሜን 5 ቀን በሆነችበት ዓመት መስከረም 1 ማለዳ ሰዓቱ 6 ብሎ ይነሣል፤ ከዚያ ወደ 1 ለመድረስ 26 ጊዜ መመላለስ ነው። ለልጆች ቢሰጧቸው በደስታ ይሠሩታል።

ስለዚህ እኅታችን፣ በሻጩ ቃል ተታልላችኋል፤ በሰዓቱ ግን አልተታለላችሁም። ለዘንግ የተጠየቀው ገንዘብ ወደ ደብተሩ ይመለስ። የሃምሳ አለቃው ለሳምንት ያህል በየማለዳው ሞልተውት ከሬዲዮ ሰዓት ጋር ያመሳክሩ፤ በቀን ከአንድ ደቂቃ በላይ የሚፈጥን ወይም የሚዘገይ ከሆነ ማሽኑ ጽዳትና ዘይት ፈልጓል ማለት ነውና፣ ያን ጊዜ ወደ ሌላ ሰዓት ሠሪ ይውሰዱት።