በእጅ የያዙት ወርቅ…

በዚህ ሳምንት ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አንዱ እንቅልፍ ነስቶኛል። ጸሐፊዋ የ24 ዓመት ወጣት ናት። ተወልዳ ያደገችው መካነ ሰላም አካባቢ ሲሆን አሁን አዲስ አበባ ውስጥ በሒሳብ ሠራተኝነት ተቀጥራ ትኖራለች። ስሟን አልጠራም። ጉዳዩ ግን የብዙዎቻችሁ ስለሚመስለኝ በፈቃዷ ላካፍላችሁ።

«ጋሼ፣ ዕቁብ ደርሶኝ 60 ሺህ ብር ይዣለሁ። ጓደኞቼ የሞባይል ዕቃ መሸጫ ክፈቺ፣ ሰው ሁሉ የሚሠራው እሱን ነው ይሉኛል። እኔን ግን ሌላ ነገር ያምረኛል። እናቴ አገር ቤት የበግ ጠጉር ትፈትላለች፤ ጎረቤታችን ደግሞ ባና ይሠራል። የምኖርበት ኮንዶሚኒየም ወለሉ ሴራሚክ ስለሆነ ክረምት ሲመጣ እግር ያደነዝዛል። ከባና የቤት ውስጥ ጫማ ብሠራስ ብዬ አንድ ጥንድ በእጄ ሰፋሁና ለወንድሜ አሳየሁት። ሳቀ ሳቀና ‹ዲግሪሽን ይዘሽ የሸማኔ ተላላኪ ልትሆኚ ነው?› አለኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ጫማውን አልጋ ስር ደብቄዋለሁ። ምን ይሻለኛል?»

«አልጋ ስር» የሚለው ላይ ስደርስ ደብዳቤውን አጥፌ አስቀመጥኩት። ለምን መሰላችሁ? የቆየ ዕዳ አለብኛ! ለእህታችን መልስ ከመስጠቴ በፊት እሱን ልናዘዝ።

እኔም የዚያው አገር ልጅ ነኝ። ያንን ደጋ ያላየ ሰው ብርድ አውቃለሁ ባይል ይሻለዋል። መካነ ሰላም ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። ወደ ደሴ ስትጓዙ የለጋምቦ ደጋ ላይ የምታገኙት ውርጭ ደግሞ የባሰ ነው። የአክስቴ ልጅ መካነ ሰላም ቤት ተከራይቶ ይማር ነበር። የገጠር ተማሪ ኑሮ መቼም ይታወቃል፤ የሳምንት ስንቅ ከቤት ተሸክሞ መጥቶ አንዲት ክፍል ለሦስት ለአራት መከራየት ነው። ማታ ለጥናት ሲቀመጡ ጋቢው ከትከሻቸው ይንሸራተታል። እጃቸውን ካወጡ ይበርዳቸዋል፤ ካላወጡ አይጽፉም። ይህን ያየ ልጅ ምን አደረገ? አሮጌ ባና ቆርጦ እጅጌ ያለው አጭር በርኖስ ሰፋ። «ለተማሪ እሸጠዋለሁ» አለ።

እኔ ያኔ ለበዓል ከአዲስ አበባ የሄድኩ «የከተማ ሰው» ነኝ። እሳት ዳር ተቀምጠን አውጥቶ ሲለብሰው «ኧረ ባላባቱ መጡ፣ ተነሡላቸው!» አልኩ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ልጁም አብሮን ሳቀ። ከዚያ አወለቀና አጣጥፎ መደብ ስር ከተተው። ሁለተኛ ሲያወጣው ያየ የለም። ከሁለት ዓመት በኋላ በጅቡቲ በኩል ባሕር ተሻግሮ ሳዑዲ ገባ። ዛሬም እዚያ የሰው በግ ይጠብቃል።

የኔ ሳቅ ነው ያሰደደው አልልም። ስደት ብዙ ምክንያት አለው። ግን ያን ምሽት «እስቲ ልሞክረው» ብዬ ለብሼው ቢሆን ኖሮስ?... ይህችን ጥያቄ ብዙ ዓመት ይዣት ኖሬአለሁ።

እናንተዬ፣ ፈጠራ ሲባል ብዙዎቻችን ነጭ ካፖርት የለበሰ ሳይንቲስት ወይም አዲስ ማሽን ነው የሚታየን። የአክስቴ ልጅ ያደረገው ግን ምንድን ነው? ባናውም በርኖሱም ድሮ የነበሩ ናቸው። እሱ የጨመረው አንድ ነገር ነው፤ ሌላው ሰው በየማታው እያየ የሚያልፈውን የተማሪ ብርድ አላለፈውም። እህታችንም ያደረገችው ይህንኑ ነው። የእናቷን እንዝርትና የኮንዶሚኒየሙን ወለል አገናኘች። በቃ፣ ፈጠራ ማለት ይኸው ነው!

አይሆንም የሚል ካለ በራባሶን ያስታውስ። ከአሮጌ ጎማ የሚሠራውን፣ የደሃ ጫማ እየተባለ የተናቀውን በራባሶ ማለቴ ነው። በ1997 ዓ.ም. ቤተልሔም ጥላሁን የምትባል ወጣት በተወለደችበት በዘነበወርቅ ሰፈር፣ ከቤተሰብ ባገኘችው ጥቂት ገንዘብና በጣት በሚቆጠሩ ሠራተኞች ሶልሬብልስን ስትመሠርት መነሻዋ ይኸው ጫማ ነበር። የጎማውን ሶል በእጅ ከተፈተለና ከተሸመነ ጥጥ ጋር አዋሕዳ ለውጭ አገር ገበያ አቀረበችው፤ ስሟም በዓለም ተሰማ። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል የሚባለው ለዚህ አይደል?

እንግዲህ እህቴ፣ ወደ አንቺ ልምጣ። ሥራሽን ተይና ሙሉ በሙሉ ግቢበት አልልሽም። 60ውን ሺህም አፍስሺው አልልሽም። ይህን ግን አድርጊ።

አንደኛ፣ ጫማውን ከአልጋ ስር አውጪና ራስሽ አንድ ወር አድርጊው። የበግ ጠጉር ቆዳ እንደሚያሳክክ፣ ሲረጥብ እንደሚሸት፣ ብል እንደሚበላው አንቺ ከኔ የበለጠ ታውቂያለሽ። ሶሉስ ሴራሚክ ላይ ያንሸራትታል? ሲታጠብስ ይጠባል? የፈጠራ ሥራው ያለው እዚህ ላይ ነው። የመጀመሪያው ሐሳብ አንድ ምሽት ይፈጃል። ውስጡን በአቡጀዲ መገበር ይሻላል ወይስ በሌላ፣ ባናው በቅድሚያ ይታጠብ ወይስ ተሰፍቶ ይታጠብ የሚለው ግን ወራት ይፈጃል። የመጀመሪያዎቹ ጥንዶች ቢበላሹ አትደንግጪ፤ የትምህርት ቤት ክፍያ ነው በይው።

ሁለተኛ፣ ከዕቁቡ ብር ላይ ቢጠፋ የማያስለቅስሽን ያህል ብቻ ለይተሽ ያዢ። አንድ አምስተኛው ይበቃል። በሱ አሥር ጥንድ ሥሪ። የቤት ኪራይና ለእናትሽ የምትልኪው እንዳይነካ። ሰው ያለውን ሁሉ ባንድ ቀን ካስያዘ ለመሞከር ድፍረት ያጣል። እጁ ይንቀጠቀጥና መልሶ የጎረቤቱን ሥራ ይቀዳል።

ሦስተኛ፣ ዘመድ አትጠይቂ። ዘመድ ወይ ይስቃል፣ ወይ እንዳይከፋሽ ብሎ «ያምራል» ይላል። ሁለቱም አይጠቅሙሽም። የማያውቁሽን ሰዎች ጠይቂ። «ያምራል?» ሳይሆን «ትገዛለህ? ቀብድ ትከፍላለህ?» በይ። ምስጋና አይቆጠርም፣ ቀብድ ግን ይቆጠራል። አልገዛም ያለሽን «ለምን?» በይውና መልሱን በደብተር ጻፊ። ከሚያሞግስሽ አሥር ሰው ይልቅ «ተረከዙ ይለቃል» የሚልሽ አንዱ ባለውለታሽ ነው።

አራተኛ፣ ሒሳብ ያዢ፤ ሙያሽ ነው መቼም! ለእናትሽ ፈትል ክፈያት። ለባና ሠሪው ክፈይው። የራስሽን የሌሊት ስፌትም ዋጋ አውጪለት። «የእናቴ ነው፣ በነጻ ነው» ብለሽ የተመንሽው ዋጋ ሃያ ጥንድ ባንዴ የሚያዝ ደንበኛ የመጣ ዕለት ጉድ ያደርግሻል። ለሃያ ጥንድ ሌሎች ፈታዮች ያስፈልጉሻል፣ እነሱ ደግሞ በነጻ አይፈትሉም። የክሩ ውፍረትም እንደየእጁ ይለያያል። ስለዚህ ናሙና ክር ቆርጠሽ ለእያንዳንዷ ስጫት፣ «ይህን ይመስል» በያት።

አሁን ደግሞ ለወንድምዬውና ለብጤዎቼ ለሳቂዎች ሁለት ቃል አለኝ።

መቅደላ ያለው በዚሁ በምዕራቡ የደቡብ ወሎ ደጋ ነው። እዚያ አምባ ላይ 7 ቶን ገደማ ይመዝናል የሚባለው ሴባስቶፖል እስከ ዛሬ ተቀምጧል። ዐፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ሚስዮናውያኑን «አናውቅም» ቢሉም «ሞክሩ!» ብለው ያሠሩት፣ በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር በሰው ጉልበት አስጎትተው መቅደላ ያወጡት መድፍ ነው። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ንጉሡ ሞቱ፤ የጋፋቱም ሥራ አበቃ። ብረቱ ቀረ፣ ሙያው ግን አልተወረሰም። በበኩሌ ከምክንያቶቹ አንዱ ምላሳችን ነው እላለሁ። ቀጥቃጩን «ቡዳ»፣ ሸማኔውን «ቁጢት በጣሽ» በሚል አገር ልጁን ለእጅ ሙያ የሚሰጥ ማን ነው? ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከማወጅ የደረሱት ነገሩ ቢብስ ነው። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው፤ እኛ ግን ዛሬም እሳት ዳር፣ ካፌ ውስጥ፣ እንስቃለን።

አንድ ሰው ጁስ ቤት ሲከፍት ሰባት ሰው አጠገቡ ጁስ ቤት ይከፍታል። ከዚያ ስምንቱም ገበያ ጠፋ ብለው ያለቅሳሉ። ወጣቱ ሐሳብ አጥቶ እንዳይመስላችሁ። የጎረቤቱን ሥራ ቀድቶ ቢከስር «ጊዜው ነው» ይባልለታል፤ የራሱን ሞክሮ ቢከስር ግን «እብድ ነው» ይባላል። ታዲያ ማን እብድ መባል ይወዳል? እናም ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ገንዘብ ባይኖራችሁ ግዴለም። የቤታችሁ ልጅ አንድ ነገር ሠርቶ ሲያሳያችሁ ከመሳቃችሁ በፊት ልበሱት፣ ቅመሱት፣ ሞክሩት። ካልሆነም የማይሆንበትን ምክንያት ንገሩት። ምክንያት ሰውን ያስተካክላል። ሳቅ ግን መደብ ስር ያስገባል።

እህቴ፣ አሥሩ ጥንድ ላይሸጥ ይችላል። ያን ጊዜ አሥር ጥንድ ሞክረሽ ታውቂያለሽ እንጂ ሕይወትሽ አይፈርስም። ቢሸጥ ደግሞ መካነ ሰላም ያሉት እናትሽ እጅ ላይ ያለው ፈትል አዲስ አበባ ድረስ መንገድ አገኘ ማለት ነው።

እኔ በበኩሌ ለአክስቴ ልጅ ትናንት ማታ ደውዬ ነበር። ስለ በርኖሱ ሳነሣበት ዝም አለ፤ ቀጥሎም «ኪሱን ትልቅ አድርጌው ነበር፣ ደብተር እንዲይዝ» አለኝ። ይህን ሁሉ ዓመት አልረሳውም!

ካንቺ ጋር ደግሞ ገና ጨዋታ አለን። ለመጀመሪያው ጥንድ ቀብድ ልኬልሻለሁ። የእግሬ ቁጥር 42 ነው። ያሳክካል ካልኩ ግን እንዳትቀየሚኝ።

ሳምንት በሰላም ያገናኘን!