አይጧንም ቁጠሩልን!

ስለ ቀይ ቀበሮ ሲነሳ ሁላችንም ተቆርቋሪ ነን። ፎቶውን እንለጥፋለን፤ “አዋቂዎቹ ከ500 በታች ቀሩ” እያልን እንቆጫለን። ምን በልቶ እንደሚያድር ግን ማን ጠየቀ? ባሌ ተራሮች፣ ሰነቴ ላይ የቀበሮው ምግብ በአብዛኛው አይጥና ፍልፈል ነው። ትልቁን ፍልፈል ጨምሮ አንዳንዶቹ ከኢትዮጵያ ውጪ የትም አይገኙም።

“አይጥ ደግሞ ይቆጠራል እንዴ?” ትሉን ይሆናል። ይቆጠራል፤ ያውም ሳይገደል። ሸርማን የሚባል ሳጥን መሰል የብረት ወጥመድ አለ። የለውዝ ቅቤ ይደረግበታል፤ አይጧ ስትገባ በሩ ይዘጋል፣ በቃ። ትመዘናለች፣ ጾታዋ ይመዘገባል፣ ጸጉሯ በመቀስ ትንሽ ተሸልቶ ምልክት ይደረግባትና ትለቀቃለች። ከቀናት በኋላ እዚያው ቦታ ይደገማል። መጀመሪያ 40 ምልክት አድርገን ለቀቅን እንበል። በሁለተኛው ዙር ከተያዙት 50 ውስጥ 10ሩ ምልክት ካላቸው፣ ከአምስት አንዷን ነበር የያዝነው ማለት ነው። ስለዚህ በአካባቢው ያሉት ወደ 200 ይጠጋሉ። (ትልቁ ፍልፈል በዚህ ሳጥን አይያዝም፤ እሱ የሚገመተው በአዳዲስ ጉድጓዶቹ ብዛት ነው።)

ሒሳቡ ቢቀልም ሥራው አይቀልም። ሰነቴ ከ4000 ሜትር በላይ ነው፣ ሌሊቱ ውርጭ። ብረት ውስጥ የተረሳች አይጥ ጠዋት ሬሳዋ ነው የሚገኘው። ደግነቱ የሰነቴዎቹ አይጦች በብዛት የሚወጡት ቀን ነው፤ ቀበሮውም የሚያድናቸው ቀን ነው። ስለዚህ ወጥመዱን ቀን በየጥቂት ሰዓቱ እየዞሩ ማየት፣ ማታ መዝጋት፣ ውስጡ ጥጥ ወይም ደረቅ ሣር መጎዝጎዝ። ይህን ያህል ለመዞር የሚሰንፍ ሰው ባይጀምረው ይሻላል።

የእኛ ቅሬታ ግን ሌላ ነው። አንድ ተማሪ ለመመረቂያ ጽሑፉ አንድ ዓመት ይቆጥራል፣ ይመረቃል፣ ወጥመዱ መጋዘን ይገባል። ቀጣዩ ተማሪ ሲመጣ ቦታውም ወሩም ሌላ! አይጥ እንደ ወቅቱ ይበዛል፣ ያንሳል። ዘንድሮ የቀነሰው ከብት ሣሩን ስለጨረሰው ነው ወይስ ዝናቡ ስለዘገየ? ይህን መለየት የሚቻለው በየዓመቱ፣ በዚያው ቦታና ወር፣ ከብት የሚገባበትንና የማይገባበትን መስክ እያነጻጸሩ ሲቆጥሩ ብቻ ነው።

ፓርኩ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ ሲመዘገብ ደስ ብሎናል። አሁን ደግሞ ለዲንሾ ልጆች ወጥመድ፣ ሚዛንና ደብተር ይሰጥልን፤ ደመወዝም ጭምር እንጂ! ቁጥሩም በየዓመቱ ይለጠፍልን፤ መደርደሪያ ላይ አይደለም፣ ሁላችንም በምናየው ቦታ።