ዘይት በሊታዎቹ የአቃቂ ባክቴሪያዎችና ያልተጠየቁት በካዮች



ዛሬ ስለ ምርጫም ሆነ ስለ ሹም ሽር አልጽፍም፤ የምጽፈው ስለ ወንዝ ጭቃ ነው። ፖለቲካ መሆን አለመሆኑን አንብባችሁ ፍረዱ።

በአንድ ዐውደ ጥናት ላይ የትንሹን አቃቂ ወንዝ ውኃና ደለል የሚመለከት የተማሪዬን ጥናት ባቀረብሁ ጊዜ አንድ ባለሥልጣን እጃቸውን አውጥተው፣ «ዘይቱን የሚበሉ ባክቴሪያዎች ካሉን ምን ያስጨንቀናል? እነርሱው ያጽዱልን» አሉ። አዳራሹ ሳቀ። እኔም በይሉኝታ አብሬ ሳቅሁ፤ እስካሁን የሚቆጨኝ ያ ሳቅ ነው።

የጥናቱ አካሄድ ቀላል ነው። ከወንዙ የተቀዳው ናሙና ከተቃጠለ የሞተር ዘይት በቀር ሌላ የካርቦን ምንጭ በሌለው የጨው ውሕድ ውስጥ ይጨመራል፤ ዘይቱን መብላት የቻለው ይራባል፣ ያልቻለው ይቀራል። የተረፉት ተለይተው ዘረመላቸው ሲነበብ እነ ሱዶሞናስ፣ እነ አሲኔቶባክተርና እነ ባሲለስ ይገኛሉ። ከዚያ «ብክለትን ለማጽዳት ሊያገለግሉ ይችላሉ» የሚል መደምደሚያ ይጻፍና ጥራዙ መደርደሪያ ላይ ይወጣል። ስንቱን እንዲህ ያለ ጥራዝ እኔው ራሴ ፈርሜ አሳልፌአለሁ!

ዳሩ ግን የእነርሱ መገኘት ብርቅ አይደለም። ክሎድ ዞቤል የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ እንዲህ ያሉ ተሕዋስያን በተፈጥሮ በየስፍራው እንዳሉ በ1946 እ.ኤ.አ. አስረድቷል። በ1989 እ.ኤ.አ. የኤክሰን ቫልዴዝ መርከብ ዘይት በአላስካ ዳርቻ በፈሰሰ ጊዜም በባሕሩ ዳርቻ የተረጨው በዋነኛነት ናይትሮጅንና ፎስፎረስ ያለበት ማዳበሪያ ነበር፤ የአገሬው ተሕዋስያን ምግቡን ሲያገኙ ሥራቸውን አፋጠኑ።

የአቃቂ ችግር ሌላ ነው። ናይትሮጅንና ፎስፎረስ ከየሽንት ቤቱ ፍሳሽ ሞልቶለታል፤ ያጣው ኦክስጅን ነው። ኦክስጅኑን ያው ፍሳሽ ይጨርሰዋል። ከደለሉ ወለል ጥቂት ዝቅ ካሉ ደግሞ ጨርሶ ስለማይገኝ ዘይቱ የሚፈርሰው እጅግ በዝግታ ነው። በተቃጠለ ዘይት ውስጥ ያሉትን እንደ ዚንክ ያሉ ብረቶችን ደግሞ የትኛውም ባክቴሪያ በልቶ አያጠፋቸውም። በዚያ ውኃ ሰላጣና ቆስጣ ይለማል፤ ገበያ ወጥቶም እንበላዋለን። (በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው የወንዝ ዳርቻ ልማት ዳሩን አሳምሯል፤ ታችኛውን ጭቃ ግን ማን አየው?)

«ተፈጥሮ ራሷ ታጽዳው» የሚለው አስተሳሰብ የት እንደሚያደርስ ናይጄሪያ አይታዋለች። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም በ2011 እ.ኤ.አ. ስለ ኦጎኒ ምድር ባወጣው ዘገባ፣ የነዳጅ ኩባንያው የላይኛውን አፈር እያገላበጠ ለተሕዋስያን የመተዉ ዘዴ እንዳልሠራ፣ ዘይቱም በብዙ ስፍራ 5 ሜትርና ከዚያ በላይ ጠልቆ እንደ ተገኘ አስታውቋል። ሙሉ ጽዳቱ ከ25 እስከ 30 ዓመት ሊፈጅ እንደሚችልም ገምቷል።

እኛ ሕግ አጥተን አይደለም። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 የበከለ ሰው እንዲያጸዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ እንዲከፍል ያስገድዳል። በየጋራዡና በየላቫጆው ደጃፍ ያለው ቱቦ ግን ዛሬም ወደ ወንዙ ይፈስሳል። ለጋራዡ ባለቤት አንድ በርሜልና በርሜሉን በየወሩ የሚሰበስብ ሰው ቢመደብለት ዘይቱን የሚደፋበት ምክንያት አይኖረውም፤ እርሱንም ብቻውን መኰነን ፍርደ ገምድልነት ነው።

እነዚህን ባክቴሪያዎች መለየትና መቁጠር ጥቅሙ፣ በእኔ እምነት፣ ለምስክርነት ነው። ዘይት በሚደጋገምበት ደለል ዘይት በሊታዎቹ ከሌሎቹ ይልቅ ይበዛሉ፤ ውኃው አልፎ ቢሄድም የእነርሱ ብዛት ይቆያል። ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ከዘይቱ ልኬት ጋር ሲቀርብ ግን ማስተባበሉ ይከብዳል። ስለዚህ የዘንድሮዋ ተማሪዬ አንዱን ናሙና ከጋራዦቹ መንደር በላይ፣ ሌላውን ከበታቹ እንድትቀዳ ነግሬአታለሁ። ውጤቱንም ከመደርደሪያው በፊት ለክፍለ ከተማው የአካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት በደብዳቤ እናስገባለን፤ ቀኑንና የመዝገብ ቁጥሩን እዚሁ ገጽ ላይ አወጣዋለሁ።