አጋሰሱም ይሸለም

«አጋሰስ» ዛሬ ስድብ ሆኗል። ኮሜንት ላይ ሰው ሲናደድ የሚወረውራት ቃል ናት። ትርጉሙ ግን የጭነት ፈረስ ነው፤ ከፋ ውስጥ ደግሞ ቡናና ማር ከጫካ ጥግ አውጥቶ ገበያ የሚያደርስ ሠራተኛ ነው። ኤፍኤስአሩ መንገዱ ያለቀበት ጋ ይቆማል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ዳገትና ጭቃ የአጋሰሱ ድርሻ ነው።

እኔ የምለው፣ የከፋ ዞን ቦንጋ ላይ የግብርና ኤግዚቢሽን ሲያዘጋጅ ከቡናው፣ ከማሩና ከበጉ ጎን ለጭነት ፈረስ፣ ለበቅሎና ለአህያ አንድ የውድድር ሜዳ ይከለል። ግልቢያ አላልኩም!

የፈረስ ውድድር ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን እንጅባራ ነው። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ነው፤ በየዓመቱ ጥር 23 ሜዳውን ሲሞላው ቪዲዮው ስልካችሁ ላይ ሳይደርስ አይቀርም። ያምራል። እዚያ የሚደነቀው ግን ያጌጠው ፈረስና ጋላቢው ነው። እንግሊዝ አገር በየአውራጃው በሚካሄድ የግብርና ትርኢት ላይ ሌላ ዓይነት ውድድር አለ። ፈረስ፣ ድንክ ፈረስና አህያ በየምድባቸው እየተሳቡ ዳኛ ፊት ይቀርባሉ። ዳኛው የእግራቸውን አቋም፣ ሰኮናቸውን፣ አረማመዳቸውንና ጠባያቸውን ያያል። እኛ የሚያስፈልገን ይሄኛው ነው።

ጥቅሙ ምንድነው ለሚል፣ ምሳሌው ሩቅ አይደለም፤ የቦንጋ በግ ነው። ገበሬ በዓል ሲደርስ የሚሸጠው ቶሎ ያደገውን ጠቦት ነው፤ ጥሩ ዋጋ የሚያወጣው እሱ ነዋ። ስለዚህ ለዘር የሚቀረው የቀጨጨው ይሆናል። ማንም ክፉ ሳያስብ፣ ሁሉም ለኪሱ ልክ የሆነውን እያደረገ፣ የመንደሩ መንጋ በየትውልዱ ይደክማል። ኢኮኖሚክስ ክፍል ውስጥ ይሄን የሚያስረዳ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። በ2001 ዓ.ም. ገደማ የቦንጋ ግብርና ምርምር ማዕከልና ኢካርዳ ከአዲዮ ገበሬዎች ጋር ሆነው ጠቦቶቹን መመዝገብና መመዘን ጀመሩ፤ ገበሬዎቹ ራሳቸው በኮሚቴ ምርጡን አውራ እየለዩ በጋራ እንዲጠቀሙበት አደረጉ። ምርጡ አውራ ለዘር መቆየቱ ከመሸጡ በላይ ዋጋ አገኘ። ዛሬ የቦንጋ አውራ በግ ፈልጎ ከሌላ አካባቢ የሚመጣ አለ።

ፈረሱ ግን እንዲህ ዓይነት ዕድል አላገኘም። በፈረንጆቹ 2012 የታተመ ጥናት በኢትዮጵያ 8 ዓይነት የፈረስ ዝርያዎችን ሲለይ አንዱ የከፋ ፈረስ ነበር። ስም አለው ማለት ነው፤ የትኛው ድንጉላ ጥሩ እንደሆነ የሚያውቀው ግን የሰፈሩ ሰው ብቻ ነው። በቅሎ ደግሞ ሌላ ጣጣ ናት። ባዝራ 11 ወር ያህል አርግዛ በቅሎ ከወለደች የእሷ ዘር እዚያ ላይ ይቆማል፤ በቅሎ አትወልድማ። በቅሎ በዋጋ ከፈረስ እየበለጠች ምርጧ ባዝራ ለበቅሎ ከዋለች፣ የበጉ ታሪክ በፈረስ ተደገመ ማለት ነው። ጥሩ ድንጉላና ጥሩ ባዝራ በሕዝብ ፊት ቢሸለሙ የውርንጭላቸው ዋጋ ይጨምራል፣ ባለቤቱም ዘር ማስቀጠሉ ያዋጣዋል።

«ባጃጅና ሞተር መጥቶ የለ እንዴ?» የሚል ይኖራል። መጥቷል፣ እሰየው። ኢትዮጵያ ግን አሁንም ወደ 10 ሚሊዮን የሚጠጋ አህያ ያላት፣ በአህያ ብዛት ከዓለም ቀዳሚ የሆነች አገር ናት። ይሄን ሁሉ የሚሸከምልንን ጉልበት ቴክኖሎጂ እስኪተካው ድረስ በገጣባ ጀርባ ማሠራት ኪሳራ ነው፤ ቁስለኛ ፈረስ ትንሽ ይጭናል፣ ቶሎም ይሞታል።

ለዚህ ነው የመጀመሪያው ሕግ ኮርቻ ማውለቅ መሆን ያለበት። ጀርባው የተገጠበ ከውድድሩ ይወጣል፣ ግን ሳይታከም አይሄድም። በር ላይ የእንስሳት ሐኪም ይቁም፤ የፈረስ በሽታ ክትባት እንደሆነ ቢሾፍቱ ይመረታል። ከዚያ ሰኮና፣ ጥርስ፣ ውፍረት፣ ጭነት ሲወርድና ሲጫን ያለው እርጋታ ይታይ። ዳኞቹ ሐኪሙ፣ አንድ የዕድሜ ልክ ነጋዴና አንድ ፈረስ አርቢ ይሁኑ። ሽልማቱ ጥሩ ኮርቻና ግላስ ቢሆን ይበቃል፤ ብር ከሆነ ወዲያው ወደ ግልቢያ ይቀየርብናል። ጊዜው ጥር ቢሆን ይሻላል፣ ቡናው ተለቅሞ አጋሰሱም ትንሽ ትንፋሽ ያገኛል።