የአሮጌው ቮልስዋገን መለዋወጫና የሻጩ ኃላፊነት

በሞተሩ ከኋላ መሆን የታወቀው ትንሹ ቮልስዋገን በሜክሲኮ አገር በፑዌብላ ፋብሪካ በ2003 እ.ኤ.አ. መሠራቱ ቢያቆምም፣ በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ዛሬም ሲመላለስ ይታያል። እንግዲህ ዕድሜው የሚወሰነው በመለዋወጫ ነጋዴው እጅ ነው።

የቀድሞዎቹ በ6 ቮልት፣ የኋለኞቹ በ12 ቮልት የሚሠሩ ሲሆኑ የሽግግሩ ዓመት በየሞዴሉ ይለያያል። ባለ 6 ቮልቱ ለዚያው ብርሃን እጥፍ ኮረንቲ ስለሚስብ ወፍራም ሽቦ ይሻል፤ ቀጭን ሽቦ ከተሸጠለት መብራቱ ይደበዝዛል፣ ሽቦውም ይግላል። ባለመኪናው ግን ጥፋቱን በባትሪው አሳብቦ ያለ አስፈላጊው ሌላ ባትሪ ይገዛል። ይህን ትርፍ ብሎ የሚቆጥር ባለሱቅ ደንበኛ አያበረክትም።

የጭስ ማውጫው ነገር ከገንዘብ ያለፈ ነው። ሞተሩ በአየር የሚቀዘቅዝ በመሆኑ፣ ለተሳፋሪው ማሞቂያ የሚሆነው አየር የጋለውን የጭስ ቧንቧ ዙሪያውን ታክኮ ይገባል። ቧንቧው በዝገት ከተበሳ፣ ሽታና ቀለም የሌለው ገዳዩ ካርቦን ሞኖክሳይድ አብሮ ይገባል። ስለዚህ አስመጪው በዋጋው ርካሽነት ብቻ ተስቦ ስስ ላሜራ ከማዘዙ በፊት የብረቱን ውፍረት ቢጠይቅ፣ ባለሱቁም ቮልቱንና ሞዴሉን በደረሰኙ ላይ ቢጽፍ ተገቢ ነው።