የነጻ ፊልም ነጻነት በምን ይለካ?

አንድ ፊልም «ነጻ» የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ከታላላቅ ስቱዲዮዎች ገንዘብና ቁጥጥር ውጪ ስለተሠራ ነው። ይህ መለኪያ የፊልም ሠሪውን ነጻነት ይገልጻል፤ በካሜራው ፊት ስለቆሙት ሰዎች ግን የሚለው ነገር የለም። ጉድለቱ ይበልጥ የሚጎላው ከአደባባይ ርቀው የራሳቸውን ባህል የፈጠሩ የከተማ ወጣቶችን የሚያሳዩ ፊልሞች ሲመዘኑ ነው። በኒውዮርክ ከተማ ወጣቶች ላይ የተሠሩት «ዋይልድ ስታይል» (1983 እ.ኤ.አ.) እና «ኪድስ» (1995 እ.ኤ.አ.) ለዚህ ጥሩ ማነጻጸሪያ ይሆናሉ።

ቻርሊ አኸርን ያዘጋጀው «ዋይልድ ስታይል» በብሮንክስ የተወለደውን ሂፕ ሆፕ፣ ማለትም ራፕን፣ የዲጄ ጥበብን፣ ብሬክዳንስንና በከተማ ባቡሮች ላይ የሚሣለውን ግራፊቲ፣ አንድ ላይ ካሳዩ ቀዳሚ ፊልሞች አንዱ ነው። ዋናውን ገጸ ባሕርይ የተጫወተው ሊ ኪኞኔስ በእውኑ ዓለምም በባቡሮች ላይ ይሥል የነበረ ወጣት ነው፤ ሌዲ ፒንክም እንዲሁ። ፋብ ፋይቭ ፍሬዲ ደግሞ ከትወናው ባሻገር ከፊልሙ ጥንስስ ጀምሮ የዳይሬክተሩ አጋር ነበረ፤ ለሙዚቃውም ከክሪስ ስታይን ጋር ሠርቷል። ታሪኩ ራሱ አንዲት ጋዜጠኛ ወደ ሰፈሩ ስትዘልቅ፣ በስውር የሚሥለው ወጣት ራሱን ይግለጥ ወይስ እንደተሰወረ ይቆይ የሚለውን ጭንቀት ያነሣል። ስለዚህ ፊልሙ የባዕድ ዓይን መግባቱን አይሸሽግም፤ የታሪኩ አካል ያደርገዋል እንጂ።

ፎቶግራፍ አንሺው ላሪ ክላርክ ያዘጋጀው «ኪድስ» በኤች አይ ቪ ስጋት ጥላ ሥር የወጣቶችን የአንድ ቀን ውሎ ይተርካል። ብዙዎቹ ተዋንያን ከስኬትቦርድ ተጫዋቾች መካከል የተመለመሉ ነበሩ። ፊልሙ 1.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወጥቶበት በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች ብቻ ከ7 ሚሊዮን በላይ አስገብቷል። ይሁን እንጂ ከተዋንያኑ አንዱ የሆነው ሃሚልተን ሃሪስ የተሳተፈበት፣ በ2021 እ.ኤ.አ. የቀረበ ዘጋቢ ፊልም፣ ወጣቶቹ ከስኬቱ ተገቢውን ድርሻ አላገኙም፣ የእርስ በርስ መደጋገፋቸውም ተዘንግቷል የሚል ቅሬታ ያሰማል።

በትወና ረገድ «ኪድስ» እንደሚልቅ መካድ አይቻልም፤ የ«ዋይልድ ስታይል» ተዋንያን ብዙ ጊዜ ይደነቃቀፋሉ። ባለታሪኮቹ እጃቸውን ካስገቡ ፊልሙ ወደ ውዳሴ ይወርዳል የሚል ክርክርም ሊነሣ ይችላል። ስጋቱ መሠረት አለው፤ ነገር ግን ርቀትም በራሱ እውነትን አያስገኝም። የዕድሜ ቅርበትም ቢሆን ዋስትና አይደለም፤ የ«ኪድስ»ን ድርሰት ሃርሞኒ ኮሪን የጻፈው 20 ዓመት ሳይሞላው ነበርና። ልዩነቱን የሚፈጥረው ስለ ታሪኩ፣ ስለ አቀራረቡና ስለ ገቢው በሚወሰንበት ጊዜ ባለታሪኮቹ ያላቸው ድምፅ ነው።

እንግዲህ የፊልም ጥናት ከምስልና ከትረካ ትንታኔ አልፎ የሥራ ውሎችን፣ የተሳታፊዎችን የፈጠራ ድርሻና የገቢ ክፍፍልን ሊመረምር ይገባል። ተመልካች ከሲኒማ ቤት ወጥቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ በማያው ላይ የታየው ወጣት ግን በዚያው ሰፈር፣ ፊልሙ በሰጠው ገጽታ እየታወቀ ኑሮውን ይቀጥላል።