መጀመሪያ ካርዱን፣ ከዚያ ሐይቁን

ልጄ «ውሻ ግዙልኝ» ማለት የጀመረችው የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ሳለች ነው። ዘንድሮ ስድስተኛን ጨረሰች፤ ጥያቄዋ ግን አላለቀም። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ደረጃው ላይ ኮቴ በተሰማ ቁጥር የሚጮኽ ውሻ ይዘን ከጎረቤት ጋር እንዴት እንኖራለን እያልን ስንመልስላት ቆይተናል። ይህ እውነት ነው፤ ሙሉው እውነት ግን አይደለም። የቀረው እውነት እኔ ውሻ መፍራቴ ነው።

ስምንት ዓመቴ ሳለ ታናሽ ወንድሜን የሰፈር ውሻ ነከሰው። ጎረቤት ተሰብስቦ ውሻዋን የዚያኑ ዕለት በዱላ ገደላት። ታማ ነበር ወይስ ጤነኛ ነበረች የሚለው ጥያቄ አብሯት ተቀበረ። አባቴ ወንድሜን በየማለዳው ወደ ፓስተር ያመላልሰው ነበር፤ ያኔ መርፌው ሆድ ላይ ነበር የሚወጋው። ልጁ ገና ከቤት ሳይወጣ ማልቀስ ይጀምራል፤ እኔ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብቼ ጆሮዬን እይዛለሁ። ወንድሜ ዛሬ ደህና ነው። ውሻ አይቼ መንገድ የምቀይረው ግን እኔ ነኝ።

መላውን ያመጣው ባለቤቴ ነው። «ከመግዛታችን በፊት የሰው ውሻ ጠብቀን እንሞክረው» አለ። ክረምት ሲመጣ ልጃቸውን ሊያርሱ፣ ዘመድ ሊጠይቁ ወይም ሊታከሙ ባሕር ማዶ የሚሄዱ ሰዎች አሉ። ቤታቸውን ዘግተው፣ ውሻቸውን ለዘበኛ ብቻ ትተው መሄድ ይጨንቃቸዋል። እኛ ደግሞ ልጆች ትምህርት ሲዘጉ ከአዲስ አበባ ዝናብና ጭቃ ወጣ ብለን መክረም እንፈልጋለን፤ የሆቴሉ ሒሳብ ግን አይቀመስም። በውጭው ዓለም ቤትና እንስሳ ጠብቆ በነፃ ማረፍ የተለመደ ነው፤ አንዱ ቤቱን ይሰጣል፣ ሌላው ጊዜውን። በእኛ አገር ስሙ አደራ ነው፤ አደራ ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም።

ለዘመድ ወዳጅ ብንናገር ሦስት ቤት ተገኘ። አንዱ እዚሁ አዲስ አበባ፣ ሲኤምሲ አካባቢ ያለ ቪላ ነው። ሁለተኛው የባለቤቴ ጓደኛ ቤት ሐዋሳ፣ ሦስተኛው ደግሞ ቢሾፍቱ የሚኖሩ፣ የእናቴ ጓደኛ የሆኑ ጡረተኛ መምህርት ቤት። እኛ «እትዬ» ነው የምንላቸው።

ልጄ ወዲያው ሐዋሳን መረጠች። ሐይቁ፣ ዛፍ ለዛፍ የሚዘሉት ጦጣዎች፣ የአሞራ ገደል ዓሣ፣ ምን ያልነገረችን አለ! እኔም ልቤ ወደዚያው ነበር። ማታ ግን ወረቀት ይዤ ቁጭ አልኩ። እኛ የምንሄደው ለመዝናናት ብቻ አይደለም፤ የሰው ውሻ በእጃችን ሊገባ ነው። ስለዚህ ለሦስቱም ቤቶች እነዚህን አራት ጥያቄዎች ጻፍኩ፦ ውሻው ተከትቧል ወይ? ካርዱስ የት አለ? ቢታመም ማን ያክመዋል፣ በስንት ሰዓት እንደርሳለን? በዚያ ከተማ በዚያ ወር ምን በዓል፣ ምን ግርግር አለ? ችግር ቢፈጠር እኛ ወደ ቤታችን፣ የባለቤቱ ዘመድ ደግሞ ወደ ውሻው በስንት ሰዓት ይደርሳል?

የሲኤምሲው ውሻ የመጀመሪያው ጥያቄ ላይ አልወደቀም፤ ካርድ ነበረው። ነገር ግን ቀን ታስሮ ማታ የሚለቀቅ ትልቅ ጠባቂ ውሻ ነው። የሚያውቀው ባለቤቱንና ዘበኛውን ብቻ ነው። ሌሊት ጅብ ሲጮኽ አጥሩን ሊዘል እንደሚታገልም ባለቤቱ ራሳቸው ነገሩን። ውሻ ይዞ ለማያውቅ ቤተሰብ መጀመሪያ የሚሆን አይደለም።

ለሐዋሳ ደወልኩ። «ኧረ እሱ ከግቢ አይወጣም፤ ክትባት ምን ያደርግለታል?» አሉኝ እየሳቁ። ስልኩን ስዘጋ የወንድሜ ለቅሶ ጆሮዬ ላይ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በሰው ላይ ከሚደርሰው የእብድ ውሻ በሽታ እስከ 99 በመቶ የሚሆነው ከውሻ የሚተላለፍ ነው፤ ምልክቱ አንዴ ከታየ ደግሞ የሚድን የለም ማለት ይቻላል። ግቢ የማይወጣ ውሻ ቢሆንም አጥር ዘሎ የሚገባ ሌላ ውሻ አይጠፋም። በዚያ ላይ ሐዋሳ ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

ቢሾፍቱ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። ሐይቅም አላት፤ ሆራ፣ ባቦጋያ፣ ኩሪፍቱ። እኔን የሳበኝ ግን ሌላ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምናና ግብርና ኮሌጅ ያለው ቢሾፍቱ ነው፤ የእንስሳት ሆስፒታልም አለው። የአገሪቱ የእንስሳት ክትባት የሚመረትበት ተቋምም እዚያው ነው። ለእንስሳ የሚመች ከተማ ፈልጉ ብባል ከዚህ በላይ ምን እፈልጋለሁ? ጊዜውም መልካም ነበር፤ ብዙ ሕዝብ ሆራ አርሰዲ የሚሰበሰብበት የኢሬቻ በዓል ከመስቀል በኋላ ነው፤ እኛ ደግሞ የምንከርመው በነሐሴ።

እትዬ ከመሄዳቸው በፊት አንድ ቀን ሙሉ አብረናቸው ዋልን። ውሻው ቡቺ ይባላል፤ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ካርዱን አውጥተው አሳዩን፤ ከተከተበ ስድስት ወሩ። ጓዳ አስገብተውኝም ምግቡን አስረዱኝ። «ልጄ፣ እናንተ ፍልሰታን ጹሙ፤ ቡቺ ግን አይጾምም። ሩዙን በሥጋ ቀቅይለት። ሽንኩርት ያለበት ወጥ እንዳትሰጪው፤ ለውሻ መርዝ ነው። የተቀቀለ የዶሮ አጥንትም እንዳይነካ፤ ተሰንጥቆ አንጀቱን ይወጋዋል።» ከራሳችን በላይ የአየር ኃይል አውሮፕላን አጓርቶ ሲያልፍ ቡቺ ጆሮውን እንኳ አላነሳም። «ለእሱ ለምዷል» አሉ እትዬ። «ጅራፍና ርችት ግን አይችልም። ያኔ አልጋ ሥር ይገባል። ተዉት፤ ራሱ ይወጣል።»

ሁላችንም ሰማን። ነሐሴ 3 ቀን ገባን።

የመጀመሪያው ሳምንት ሰላም ነበር። ልጄና ቡቺ አንድ ላይ ይውላሉ፤ እኔ ከበረንዳው ማዶ ሆኜ አያቸዋለሁ። ነሐሴ 12 የቡሄ ዋዜማ መሸ። የሰፈር ልጆች ሆያ ሆዬ እያሉ መጡ፤ ችቦ በራ፤ ጅራፍ ይጮኻል፤ አንዱ ርችት ተኮሰ። ቡቺ ሮጦ አልጋ ሥር ገባ። እኛ ለልጆቹ ሙልሙል ልንሰጥ በር ላይ ነበርን።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ለእራት እጅ ስንታጠብ ልጄ አንድ እጇን ብቻ ዘረጋች። ሌላውን ስስበው ከእጇ አንጓ በላይ ሁለት ቀይ መስመር አየሁ። ደም አልፈሰሰም፤ ቆዳው ግን ተጭሯል። አልጋ ሥር ገብታ ልታቅፈው ስትሞክር ነው።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«እንደ አጎቴ ውሻ እንዳይገድሉት ብዬ።»

ምን ልበላት? ያን ታሪክ ስንት ጊዜ የነገርኳት እኔ ነኝ። ውሻ እንድትፈራ ብዬ የነገርኳት ታሪክ ያስተማራት መደበቅን ነው።

ውኃ ጠፍቶ ስለነበር ባለቤቴ ከጀሪካን እያፈሰሰ፣ እኔ በሳሙና እያሸሁ 15 ደቂቃ ሙሉ አጠብናት። ሰዓት ይዘን። ከዚያ ባጃጅ ጠርተን ወደ ሐኪም ሄድን። ዘበኛው በሩን ሲከፍትልን «ሰው የነከሰ ውሻ አይከርምም፤ ነገ ይወገድ» አለ። ልጄ ክንዴን ስትጨብጠኝ ተሰማኝ።

ሐኪሙ ቁስሉን ካየ በኋላ ስለ ውሻው ጠየቀ። ካርዱን ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠሁት። አነበበና «ውሻውን እንዳትገድሉት፣ እንዳታባርሩትም» አለ። ሲነክስ በምራቁ ውስጥ ቫይረሱ የነበረበት ውሻ በ10 ቀን ውስጥ ታሞ ይለያል ወይም ይሞታል፤ 10 ቀን ደህና ሆኖ ከቆየ በዚያች ንክሻ በሽታው አልተላለፈም ማለት ነው። የተከተበ መሆኑ ጥሩ ነው፤ ቢሆንም ልጅቷ ክትባቱን ትጀምር፣ እኛም ውሻውን እንጠብቅ። መርፌው ክንድ ላይ ነው የተወጋው። ልጄ አላለቀሰችም። ያለቀስኩት እኔ ነኝ፤ በዚያን ጊዜ አንድ ሰው ይህን ቢነግራቸው ኖሮ ውሻዋም ባልተገደለች፣ ወንድሜም ያን ሁሉ መርፌ ላይወጋ ይችል ነበር።

ለእትዬ መደወል ከሁሉ ከበደኝ። የልጅ ልጃቸውን እንዳቀፉ ነው ያነሱት። መጀመሪያ የጠየቁት ስለ ልጄ ነው። ከዚያ ቆየት ብለው «ቡቺስ?» አሉ። «እጠብቀዋለሁ» አልኩ። በማግስቱ የእንስሳት ሆስፒታል ወሰድነው፤ ከቤቱ በባጃጅ 15 ደቂቃ ነበር። መርምረው ጤነኛ ነው፣ ፈርቶ ነው አሉን።

ልጄ ለ10 ቀን እንዳትጠጋው ስለከለከልናት፣ ባለቤቴም ለሥራ አዲስ አበባ ይመላለስ ስለነበር፣ የማበላው እኔ ሆንኩ። በረንዳው ላይ በረጅም ገመድ ታስሮ ይውላል። የመጀመሪያውን ቀን ሳህኑን በመጥረጊያ እንጨት ገፍቼ ነው ያቀረብኩለት። ልጄ በመስኮት እያየች ደብተር ላይ ትጽፋለች፦ በላ፣ ጠጣ፣ ጅራቱን ቆላ። በአምስተኛው ቀን ጠዋት ሳህኑን አሽትቶ ተመለሰ። ጉልበቴ ከዳኝ። ወዲያው ለሐኪሙ ደውዬ ስናገር ከሰዓት እስኪሆን እንድንጠብቅ ነገረን። ሩዙ ትኩስ ሆኖበት ኖሯል፤ ሲቀዘቅዝ ጥርግ አድርጎ በላ። በስምንተኛው ቀን መጥረጊያውን ረስቼ መውጣቴን ያወቅኩት ከተመለስኩ በኋላ ነው።

ነሐሴ 22 ቀን ሐኪሙ የቀረውን መርፌ አስቀረላት። ነሐሴ 28 ቀን እትዬ ተመለሱ፤ ቡቺ እየዘለለ ሊጥላቸው ደረሰ።

ዘንድሮ ክረምት የሰው ቤትና ውሻ ለመጠበቅ ያሰባችሁ ካላችሁ የምላችሁ ይህንን ነው። የመጀመሪያችሁ ከሆነ የራቀውንና ያማረውን ከተማ ለሚቀጥለው አቆዩት። የክትባት ካርዱን በዓይናችሁ ሳታዩ «እሺ» አትበሉ። የእንስሳት ሐኪሙን ደጃፍ ከመግባታችሁ በፊት ሄዳችሁ እዩት። ውሻው ምን እንደሚያስፈራው ጠይቁ፤ የከተማውን የበዓል ቀን ከዚያ ጋር አስተያዩ። ለልጆቻችሁ ደግሞ ይህን ንገሯቸው፦ የፈራ ውሻ አይታቀፍም፤ ቢጭር፣ ቢነክስ ግን ወዲያው መናገር እነሱንም ውሻውንም ያድናል።

ውሻ አልገዛንም፤ አራተኛ ፎቅ አሁንም አራተኛ ፎቅ ነው። እትዬ ግን ለልጅ ልጃቸው ክርስትና ሊመለሱ ነው። ባለፈው እሑድ ደውለው «ቡቺን ለማን ልተወው?» አሉኝ። ልጄ ከጎኔ ትንፋሿን ውጣ ትጠብቃለች።

«እኔ እመጣለሁ» አልኳቸው።